"ጓሮዬ ያስተማረኝ ንዴት ነው" ላለችኝ የአዘዞ ጠያቂ

ጥያቄው እንዲህ ይላል፣ ትንሽ አሳጥሬዋለሁ። "ጋሼ፣ የምኖረው አዘዞ ነው። ከቤቴ ጀርባ ትንሽ ጓሮ አለችኝ፣ መሬቱ ዋልካ ነው። አምና በሐምሌ ቲማቲም ተከልኩ፣ በሁለት ሳምንት ጠቁሮ አለቀ። ዘንድሮም ደገምኩት፣ ዘንድሮም እንደዚያው። ነጭ ሽንኩርት በሰኔ ተክያለሁ፣ ደርሶ እንደሆነ እያልኩ በየሳምንቱ አንድ ሁለት እየነቀልኩ አያለሁ፣ ምንም የለውም። ከፍሬው ያበቀልኩት አቮካዶ ደግሞ 5 ዓመት ሞላው፣ አበባ እንኳ አላየሁበትም። ባለቤቴ ቁረጪውና ቦታው ይለቀቅ እያለ ነው። ሰው ሁሉ ጓሮ ትዕግሥት ያስተምራል ይላል። እኔን ያስተማረኝ ንዴት ነው። ምኑ ላይ ነው ያጠፋሁት? ትዕግሥትስ ከየት ነው የሚመጣው?"

እህቴ፣ ጋሼ ስላልሽኝ አመሰግናለሁ፣ ሽበቴን ሳታዪ እንዴት እንዳወቅሽ ግን እንጃ። አትክልትና ፍራፍሬ ላይ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ፣ የሚመጡልኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ የአንቺን ይመስላሉ። ሰዎች ትዕግሥት አጣሁ ይሉኛል፣ ነገሩን ጠጋ ብዬ ሳየው ያጡት ሌላ ነገር ሆኖ አገኘዋለሁ።

በቲማቲሙ እንጀምር። ጎንደር ላይ በሐምሌ ሜዳ ላይ የቆመ ቲማቲም የሚያጠቁረውን በሽታ አንዱ ምች ይለዋል፣ ሌላው ዋግ። ድንችንም ቲማቲምንም የሚጨርሰው እሱ ነው። በፈረንጆቹ 1840ዎቹ አየርላንድ ውስጥ የድንቹን ማሳ አጥፍቶ ሚሊዮን ገደማ ሰው ያለቀበትን ረሃብ ያስከተለውም ይኸው ራሱ ነው፣ እና አንቺ ሁለት መደብ ቲማቲም ይዘሽ ልትገጥሚው ነው የተነሳሽው። ብርድና እርጥበት ሲገናኙለት ደስ ይለዋል። ሰማዩ ከጨፈነ፣ ቅጠሉ ለሰዓታት ረጥቦ ካደረ፣ መጀመሪያ ውሃ ያዘለ የሚመስል ጥቁር ምልክት ቅጠሉ ላይ ይወጣል፣ ገልበጥ አድርገሽ ስታዪው ከሥሩ ነጭ ሻጋታ አለ፣ ከዚያ በሳምንት ውስጥ ግንዱም ፍሬውም ቡናማ ይሆናል። የኛ ክረምት ደግሞ ለእሱ ተብሎ የተደገሰ ነው።

እና ምኑ ላይ አጠፋሁ ላልሽው፣ ወሩ ላይ ነው። ሌላ ጥፋት የለብሽም። ውሃ አጠጥተሻል፣ ኮትኩተሻል፣ ፍግ ሰጥተሻል። መቶ ዓመት ብትታገሺ ግን የሐምሌ ቲማቲም ያው የሐምሌ ቲማቲም ነው።

እኔ ከሰው ጋር የምጣላውም እዚህ ላይ ነው። እኛ አገር "ታገሽ" የሚለው ቃል እንደ ጤና አዳም ለሁሉም ይታዘዛል። ለሚመታ ባል ታገሽ፣ ደመወዝ ለማይከፍል አለቃ ታገሽ፣ አራት ዓመት ሙሉ ቀን ለማይቆርጥ እጮኛ ታገሽ። ማንም ቆም ብሎ እየጠበቅሽ ያለሽው ነገር እያደገ ነው ወይስ እየበሰበሰ ነው ብሎ አይጠይቅም። ጓሮ ካስተማረኝ ሁሉ የምወደው ይህን ጥያቄ ነው።

ለቲማቲሙ የምመክርሽ ይህን ነው። ዝናቡ ጠቅልሎ ሲወጣ፣ በጥቅምት መደብ ላይ ዝሪው። ከ4 እስከ 5 ሳምንት ውስጥ ችግኙ ለመነቀል ይደርሳል፣ በኅዳር ወደ ቦታው ታዛውሪዋለሽ። ስታጠጪ ቅጠሉን ሳይሆን ሥሩን አጠጪ፣ ጠዋት ጠዋት። ድንች ካለሽ አጠገቡ አታድርጊው። በታኅሣሥና በጥር ሌሊቱ ይበርዳል፣ ሌሊቱ ወደ 13 ዲግሪና ከዚያ በታች ሲወርድ የቲማቲም አበባ ፍሬ መያዝ ያቅተዋል፣ ይረግፋል። ያን ጊዜ እንዳትነቅይው! ተክሉ ጤነኛ ነው፣ ቅጠሉ አረንጓዴ ነው፣ ሙቀት ነው የሚጠብቀው። አየሽ፣ አንዱ ተክል በሐምሌ መተው የነበረበት በጥር ደግሞ መጠበቅ ያለበት ነው። ጥሩ ነገሩ ደግሞ ፍሬው መቅላት ሲጀምር ሁዳዴ ይገባል፣ ቲማቲም የሚወደድበት ጊዜ፣ ለጎረቤትም ትሸጪያለሽ።

አንድ ነገር ልጨምር። ችግኙን ከመደቡ ከመንቀልሽ ሳምንት ቀድመሽ ውሃውን ቀነስ አድርጊበት፣ ዳሱንም ቀስ በቀስ ግለጪለት። ይጠንክር። በጥላና በውሃ ተሞላቅቆ ያደገ ችግኝ ፀሐይ ላይ ሲወጣ በአንድ ቀን ይጠወልጋል። ልጄ ዩኒቨርሲቲ ልትገባ አንድ ክረምት ሲቀራት ልብሷን ራሷ እንድታጥብ፣ ገበያም ብቻዋን እንድትወርድ ያደረግሁት ከዚህ ተምሬ ነው። እናቷ እስካሁን ጨካኝ ትለኛለች፣ ልጅቷ ግን አንድም ቀን ደውላ አላለቀሰችም።

ወደ ነጭ ሽንኩርቱ ስመጣ፣ እህቴ ይቅርታ አድርጊልኝና ሳቄ መጣ። በየሳምንቱ አንድ ሁለት እየነቀልሽ እስኪደርስ ምን ሊተርፍሽ ነው? ነጭ ሽንኩርት ከ4 እስከ 5 ወር ይፈልጋል። በሰኔ የገባ በጥቅምት መጨረሻ፣ ቢዘገይ በኅዳር ነው የሚወጣው። አሁን ነሐሴ ነው። አሁን የምትነቅይው ገና ቅጠል ሲሠራ የቆየውን ነው፣ ራሱ ገና አልተከፋፈለም። የነቀልሽውን መልሰሽ ብትተክይውም ሥሩ ተበጥሷልና እንደነበረው አይሆንም። "የቸኮለች አፍሳ ለቀመች" ማለት ይኼ ነው።

ማየት ከፈለግሽ በጣትሽ አፈሩን ከጎኑ ገለጥ አድርጊና ዳብሺው፣ መልሰሽ ሸፍኚው። ዋናው ምልክት ግን ቅጠሉ ላይ ነው። ከታች ያሉት ቅጠሎች ይደርቃሉ፣ ከላይ ያሉት አረንጓዴ ሆነው ይቆያሉ። ግማሽ ያህሉ ሲደርቅ ቀኑ ደረሰ ማለት ነው። ከዚያ ሁለት ሳምንት ገደማ አስቀድመሽ ውሃ አቁሚ፣ በኛ አገር ዝናቡ በመስከረም ስለሚወጣ ሰማዩ ራሱ ያቆምልሻል። ቀድመሽ ካወጣሽው ልጡ ስስ ነው፣ ጎተራ ውስጥ ይበሰብሳል። ደረቅ ይበል ብለሽ አንድ ወር ብታሳልፊ ደግሞ መሬት ውስጥ እንዳለ ይፈነዳል፣ ፍልቃቂው ይበታተናል፣ እሱም አይቀመጥም። መሃል ላይ ያለችው ጊዜ አጭር ናት። ስታወጪው በጥላ፣ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ ከ2 እስከ 3 ሳምንት አንጥልጥይው እንጂ ያኑ ዕለት ጆንያ ውስጥ አትክተችው።

ግን አንድ ነገር ልብ በይ። ቅጠሉ አሁን በነሐሴ ቢጫ ከሆነ፣ ሥሩን ስታዪው ነጭ ጥጥ የመሰለ ሻጋታ ካለበትና መሃሉ ላይ ከሰናፍጭ ፍሬ የሚያንሱ ጥቁር ነጠብጣቦች ካየሽ፣ ያ መድረስ አይደለም። ነጭ ሽንኩርትን ከሥሩ የሚያበሰብስ በሽታ ነው። ያን ከነአፈሩ አውጥተሽ አስወግጂው፣ ወደ ብስባሽ ጉድጓድሽ እንዳትጨምሪው፣ እዚያ ቦታ ላይም ሽንኩርት የሚባል ነገር አትመልሺ። እነዚያ ጥቁር ነጠብጣቦች አፈር ውስጥ 20 ዓመትና ከዚያ በላይ ተኝተው ሽንኩርት እስኪመጣላቸው መጠበቅ ይችላሉ። ስለ ትዕግሥት ሲሰበክ ይህን ማንም አይጠቅስም። በሽታም ይታገሳል። ሰርዶም ይታገሳል። የፋሲልን መዋኛ ግንብ እንደ ጣት የጨበጡትን የዛፍ ሥሮች አይተሻል አይደል? ቱሪስቱ ሁሉ ፎቶ ያነሳቸዋል፣ በትዕግሥት የሚስተካከላቸው የለም፣ ግንቡን ብትጠይቂው ግን ሌላ ነገር ይነግርሽ ነበር።

መዋኛውን ካነሳሁ የራሴን ልንገርሽ፣ እኔም እንዳንቺ ነኝ። ከዓመታት በፊት ደመወዜን ልደጉም ብዬ ችግኝ ለመሸጥ ተነሳሁ። ጥር ነበር፣ ጥምቀት ደርሷል፣ ከተማው በእንግዳ ጢም ብሏል፣ ይህን ሁሉ ሰው ሳይ ገንዘብ ነው የታየኝ። ከመዋኛው ብዙ በማይርቅ ቦታ 600 የሎሚ፣ የኮክና የዘይቱን ችግኝ በላስቲክ በላስቲኩ ደርድሬ ቆምኩ። ባለሙያ ነኝ እኮ! በሦስት ቀን 11 ሸጥኩ። ሰው የመጣው ታቦት ሊያጅብ ነው፣ የሎሚ ችግኝ አንጠልጥሎ ማን ይጨፍራል? አንዲት እናት ዋጋ ጠየቁኝና ኮኩን ዳበስ ዳበስ አድርገው፣ "ልጄ፣ አሁን ብተክለው ውኃ ከየት አምጥቼ ላጠጣው ነው?" ብለውኝ ሄዱ። ጎንደር ላይ ውኃ በወረፋ መሆኑን ያውቃሉ፣ እኔ በትምህርት ያገኘሁትን እሳቸው በእንስራ ያውቁታል።

የሞኝነቴ መጨረሻ ግን ይህ አልነበረም። ችግኙን እስከ ሚያዝያ አጠጣሁ፣ ተስፋ ቆረጥኩ፣ የተረፈውን በርካሽ ለጎረቤት በተንኩት። በሰኔ መጨረሻ ዝናቡ መሬቱን ሲያርሰው ሰው ችግኝ እየፈለገ በሬን ማንኳኳት ጀመረ። በእጄ አንድም የለም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባላል፣ እኔ ግን ጅቡ ሳይመጣ ጮኾ ጮኾ፣ ሲመጣ እንቅልፍ የወሰደው ውሻ ነበርኩ። ስገባ ቸኮልኩ፣ ስወጣም ቸኮልኩ። ሥራው ራሱ መጥፎ አልነበረም፣ በግንቦት ጀምሬው ቢሆን ዛሬ ሌላ ሰው ነበርኩ።

(ስለ ችግኝ ካወራን አይቀር፣ ዛፍ የምትተክዪ ከሆነ ሰኔ መጨረሻና ሐምሌ ነው ጊዜው። በግንቦት አንድ ሁለት ቀን ሲዘንብ ልብሽ አይነሳ፣ አፈሩን ቆፍረሽ እርጥበቱ ምን ያህል እንደወረደ እዪ፣ ላይ ላዩን ብቻ ከሆነ አሳሳች ዝናብ ነው። ከነሐሴ አጋማሽ በኋላ የተተከለ ደግሞ ሥሩን ሳያወርድ በጋው ይደርስበታል።)

አሁን ወደ አቮካዶው። ከሦስቱ እውነተኛ ትዕግሥት የሚጠይቅሽ እሱ ነው። ከፍሬው የበቀለ አቮካዶ ለማፍራት ከ5 እስከ 13 ዓመት ሊፈጅበት ይችላል። 5 ዓመት ሞላው ስትዪኝ ገና በሩ ላይ ደርሷል ማለት ነው። የተዳቀለው፣ ማለትም የሌላ ዛፍ ቀንበጥ የተቀጠለበት፣ በ3 ወይም በ4 ዓመት የሚያፈራው ቀንበጡ ካፈራ ዛፍ ላይ ስለተወሰደ ዕድሜውን ይዞ ስለሚመጣ ነው። ያንቺው ግን ከልጅነት ነው የጀመረው። ስትገዢ ተዳቅሏል ቢሉሽ ግንዱን ወደ ታች አካባቢ እዪው፣ የተገናኘበት ጠባሳ ወይም ትንሽ ጎበጥ ያለ ቦታ መኖር አለበት። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ የተዳቀለ ነው ተብዬ 20 ችግኝ ገዝቼ ተበልቻለሁ፣ የሸጠኝን ስም አልጠራም፣ በጥድፊያ ግንዱን ያላየሁት እኔ ነኝ።

መጠበቅ ተገቢ መሆኑን ግን አረጋግጪ። ቅርንጫፉን በጥፍርሽ ጫር አድርጊው፣ ከቅርፊቱ ሥር አረንጓዴና እርጥብ ከሆነ ሕያው ነው። በዓመት ውስጥ አዲስ ቅጠል ያወጣል ወይ? ቀላ ብሎ የሚወጣ ለጋ ቅጠል ካየሽ ሥራ ላይ ነው፣ ተይው። ጫፉ ከላይ ወደ ታች እየደረቀ፣ ቅጠሉ እያነሰና እየገረጣ ከሄደ ግን ሥሩ ታፍኗል። ዋልካ መሬት ነው ያልሽኝ ያሳሰበኝ ለዚህ ነው። ዋልካ በክረምት ውኃ ይይዛል፣ አቮካዶ ደግሞ እግሩ ውኃ ውስጥ ሲቆም ሥሩ ይበሰብሳል። ዛሬውኑ፣ ነገ ሳትዪ፣ ዙሪያውን ውኃ የሚያስወጣ ቦይ ቅደጂለት፣ ግንዱ ሥር ውኃ አይተኛ። ፍግ በላይ በላዩ የምትጨምሪ ከሆነም ተይ፣ ቅጠሉ ያምራል እንጂ አበባውን ያዘገየዋል።

ለባለቤትሽ ደግሞ ይህን ንገሪው። ዛፉን መቁረጥና ዛፉን መንቀል ይለያያሉ። የ5 ዓመት ሥር ሀብት ነው። ሁለት ሦስት ዓመት ጠብቀሽ ካላፈራ፣ ወይም አፍርቶ ፍሬው ካላማረ (ከፍሬ የበቀለ አቮካዶ እንደ እናቱ አይወጣም፣ ይህንም እወቂ)፣ ግንዱን ወደ አንድ ሜትር አካባቢ ቆርጦ ጥሩ ዝርያ የሚያዳቅልበት ሙያተኛ ታመጫለሽ። ሥሩ የነበረው ነውና ከአዲስ ችግኝ በጣም ይፈጥናል። ስለዚህ እነዚህ አምስት ዓመታት በማንኛውም መንገድ አልባከኑም።

አበባ ሲያወጣ ደግሞ አትደናገጪ፣ አብዛኛው ይረግፋል። ከሺህ አበባ ፍሬ የሚሆነው ጥቂት ነው። የአቮካዶ አበባ ሁለት ጊዜ ነው የሚከፈተው፣ መጀመሪያ እንደ ሴት፣ ይዘጋና በማግስቱ እንደ ወንድ። አንዳንዱ ዝርያ ጠዋት ሴት ነው፣ ሌላው ከሰዓት። እንደ ሃስ ያለ አንድና እንደ ፉርቴ ያለ አንድ ቅርብ ለቅርብ ከኖሩ ይደጋገፋሉ። ጎረቤትሽ ጓሮ ውስጥ አቮካዶ ካለ እሱም ይረዳሻል፣ ከጎረቤት ጋር በሰላም መኖርም ጥቅሙ እዚህ ድረስ ነው።

አንድ ሌላ የአቮካዶ ነገር ሳልነግርሽ አላልፍም። ዛፉ ላይ አይለሰልስም። የፈለግሽውን ያህል ብትጠብቂ ዛፉ ላይ ጠንካራ ነው፣ ከተቆረጠ በኋላ ነው ቤት ውስጥ በቀናት የሚበስለው። ታናሽ ወንድሜ ቤት ስሠራ አገባለሁ፣ መኪና ስገዛ አገባለሁ፣ ትንሽ ስረጋጋ አገባለሁ እያለ 40ን አልፏል። በበዓል ስንገናኝ "አንተ አቮካዶ!" እለዋለሁ፣ ምን ማለቴ እንደሆነ ስለነገርኩት ይናደዳል።

ትዕግሥት ከየት ይመጣል ላልሽው፣ እኔ ያገኘሁት ከደብተር ነው። እውነቴን ነው። የዘራሁበትን ቀን፣ የበቀለበትን ቀን፣ ዝናቡ የያዘበትንና የወጣበትን ቀን መጻፍ ከጀመርኩ ወዲህ ንዴቴ ግማሹ ጠፋ። ከአዘዞ ፒያሳ ለመሄድ ታክሲ ስትጠብቂ የሚያናድድሽ ደቂቃው አይደለም፣ መቼ እንደሚመጣ አለማወቅሽ ነው። ነጭ ሽንኩርቱ ከ120 እስከ 150 ቀን እንደሚፈልግ ደብተርሽ ላይ ተጽፎ ካየሽው፣ በ60ኛው ቀን እጅሽ ለመንቀል አይሄድም፣ ወደ አረሙ ይሄዳል። ሦስት ዓመት ከጻፍሽ ደግሞ የኔን ምክር አትፈልጊም፣ የጓሮሽን ባሕርይ ከኔ የበለጠ ታውቂዋለሽ። እኔ ሰው ቤት ሄጄ ስመክር መጀመሪያ የምጠይቀው መቼ ተከላችሁት የሚለውን ነው፣ ከአሥር ሰው ዘጠኙ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል።

እንግዲህ በዚህ ሳምንት ቦዩን ቅደጂ። የጠቆረውን ቲማቲም ከነግንዱ አውጥተሽ አቃጥይው ወይም ራቅ አድርገሽ ቅበሪው። ነጭ ሽንኩርቱን አርሚው፣ ኮትኩችው፣ ግን እንዳትነቅይ። የጠላ አተላና ጥሬ ፍግ ካለሽ ቀጥታ ወደ ተክል አትስጪ፣ ያቃጥላል፣ ከቅጠላ ቅጠል ጋር ጉድጓድ ውስጥ ካዘጋጀሽው በ3 ወይም በ4 ወር ብስባሽ ይሆናል፣ ለቲማቲምሽ አበባ ይደርሳል። ፍልሰታ ሲፈታ ባለቤትሽን በደንብ አብልተሽ ስለ አቮካዶው አስረጂው። ካልሰማ መጥረቢያውን ደብቂበት፣ በጥቅምት የቲማቲሙን ችግኝ ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ።